ሁለተኛው ዓይን

ጎጃም ውስጥ፣ ጣራው በመብረቅ ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ አንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበር ይባላል። ሣሩ ተከደነ፣ ግድግዳው ተለሰነ፤ የቀረው ሥዕሉ ነበር። የደብሩ አለቃ ስሙ የተጠራ ሠዓሊ አፈላለጉና ከጎንደር በኩል አንድ መሪጌታ፣ ደቀ መዝሙሩን አስከትሎ፣ የቀለም ቀንዶቹን በአህያ ጭኖ፣ መስቀል በዋለ ማግስት ደረሰ።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን ነጭ ሸማ ለጠፈበት፤ ሙጫው ሲደርቅ በከሰል ነደፈ፤ ከዚያ ቀለሙን ያዘ። ጥቁሩን ከጥላሸት፣ ቀዩንና ቢጫውን ከአፈር ያወጣዋል። ሰማያዊው ግን ከነጋዴ የሚገዛ ነውና እየሳሳ ነበር የሚነካው። የሚስለውም እንደ አባቶቹ ደንብ ነው፤ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በጎኑ አዙሮ በአንድ ዓይን። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ እንኳ ዓይን ቆጥሮ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ይለያል። ሄሮድስ አንድ ዓይን፣ ይሁዳ አንድ ዓይን፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች በሙሉ አንድ አንድ ዓይን።

ሦስቱ ግድግዳዎች ያለ ችግር አለቁ። ችግሩ የመጣው በሰሜን በኩል፣ ወንዶች በሚቆሙበት፣ በበላዔ ሰብእ ላይ ነው።

ታሪኩን የማያውቅ ጥቂት ነው። በላዔ ሰብእ የተባለው የቅምር ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ጨምሮ 78 ነፍስ በልቷል። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ቁስሉ የከፋ፣ ውሃ የጠማው ድኻ አገኘ። ድኻው በእግዚአብሔር ስም ለመነው፣ በጻድቃን ስም ለመነው፣ አልሆነም። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በፍርድ ቀን 78ቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኝ ውሃው በሌላ ወገን ተመዘነ። እመቤታችን ጥላዋን ጣል ብታደርግበት ውሃው ሚዛን ደፋ። እንግዲህ ይህን ሰው በስንት ዓይን ይስሉታል?

አለቃው አልተጠራጠሩም። «መሪጌታ፣ ይህ አገር ሽፍታ የበዛበት፣ ድንበር የሚገፋበት አገር ነው» አሉት። «ስብከቱን በአንድ ጆሯቸው ሰምተው በሌላው ያፈሱታል። እስቲ በዓይናቸው ይግባ። አስፈሪ አድርገህ ሳልልኝ፤ ከሥሩም ምን ማድረግ እንዳለባቸው እኔ እጽፍበታለሁ።»

ሰማያዊውን ቀለም የገዙት አንዲት ወይዘሮ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። እንደ ወጉ፣ እሳቸውም ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍተው እየሰገዱ ይሳላሉ። «እኔ በወደቅሁበት ግድግዳ ላይ ደም አልፈልግም» አሉ። «ደም እንደሆነ በየገበያው ሞልቷል። ባሌን በደም ሸኝቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስመጣ ዓይኔን የማሳርፍበት ነገር ይኑረኝ።» እኔ ይህን ታሪክ የሰማሁባቸው ሰዎች ወይዘሮዋን ቅንጦተኛ ያደርጓቸዋል። ለእኔ ግን የጠየቁት ነገር ትንሽ አይመስለኝም።

ሠዓሊው ክፍያውን የሚቆርጡለት አለቃው ናቸውና መጀመሪያ ለእሳቸው ሳለ። በላዔ ሰብእ በጎኑ ዞሯል፣ አንዲቷ ዓይኑ እንደ ፍም ቀልታለች፣ ከአፉ የሰው እጅ ይንጠለጠላል። ውሃ ሲሰጥ የሚታይበትም ስፍራ ላይ ያው አውሬ ነው። እሑድ መጋረጃው ሲገለጥ ምእመኑ «እግዚኦ!» አለ። እናቶች «ካልተኛህ ለዚህ ነው የምሰጥህ» እያሉ ልጆቻቸውን አስፈራሩበት። አለቃው ጢማቸውን እየዳበሱ በደስታ ዞሩ።

በዚያ ሕዝብ መካከል አንድ ባለ መሬት ነበር። በየዓመቱ ሲያርስ አንድ ትልም፣ አንድ ትልም ብቻ እየጨመረ የወንድሙን እርሻ የገፋ ሰው ነው። ወንድሙ ዳኛ ቢያቆም፣ «አንድ ትልም ምን ያህል ነው?» እየተባለ ሲሳቅበት ኖሯል። ሰውየው ሥዕሉን በደንብ አየና አጠገቡ ላለው ጎረቤቱ፣ «ተመስገን ነው፤ እኔስ ሰው አልበላሁ» አለ። ፊቱ ላይ እፎይታ ነበር።

ሠዓሊው ከኋላው ቆሞ ይህን ሰማ።

ሌሊቱን አልተኛም። በማግሥቱ ግድግዳው ላይ አዲስ ሸማ ለጠፈና አሁን ደግሞ እንደ ወይዘሮዋ ፈቃድ ሳለ። ሰማያዊውን አልሰሰተም። የእመቤታችን መጎናጸፊያ እጥፋቱ እየተንዠረገገ ይወርዳል፤ የድኻው ቁስል በነጠላ ተሸፍኗል፤ በላዔ ሰብእ ራሱ ካባ ደርቦ በአበባ መካከል ቆሟል። ሚዛኑ የወርቅ ነው። ምእመኑ «እንዴት ያምራል!» አለ። ትልም ገፊውም «እንዴት ያምራል!» አለና ሰማያዊው ስንት እንደተገዛ ጠየቀ። ዋጋውን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀና ወጣ። ወይዘሮዋ ብዙ ቆመው አዩ። «ያምራል» አሉ እሳቸውም። ቆይተው ግን፣ «ምን እንደሆነ እንጃ፣ ዓይኔ አላረፈም» አሉ።

ሠዓሊው ቀንዶቹን ከደነና ደቀ መዝሙሩን ይዞ ወደ ምንጩ ወረደ።

«ና እስቲ፣ በእጅህ ውሃ ስጠኝ» አለው።

ልጁ ግራ ገብቶት ቅሉን ሊያነሳ ሄደ። «በቅል አይደለም፣ በእጅህ።» ልጁ ሁለት መዳፉን ገጥሞ ከምንጩ ቀዳና መጣ። ሠዓሊው እንደ ድኻው መሬት ላይ ተቀምጧል። ያኔ ነው ከዚያ በፊት በስንት ግድግዳ ላይ ሲስለው ኖሮ አይቶት የማያውቀውን ነገር ያየው። ውሃ በእጅ የሚሰጥ ሰው ቆሞ መስጠት አይችልም። ጎንበስ ማለት አለበት፣ ያውም በጣም። የሚጠጣው ሰው ደግሞ ፊቱን ሙሉ በሰጪው እጅ ውስጥ ይከታል፤ ከንፈሩ መዳፉን ይነካል። በላዔ ሰብእ ጎንበስ ብሎ ነበር ማለት ነው። 78 ነፍስ ያጠፋው እጅ የቁስለኛ ከንፈር ነክቶት ነበር ማለት ነው። ውሃው በትንንሽ ጣቶቹ መጋጠሚያ እየሾለከ በልጁ አንጓ ላይ ወረደ፣ ከአንጓው ወደ ክርኑ፣ ከክርኑ ጠብ ጠብ እያለ ወደ መሬት። ሠዓሊው ቀና ብሎ የልጁን ፊት ተመለከተ። ልጁ እሱን አያየውም። ሁለቱም ዓይኖቹ መዳፉ ላይ ናቸው።

«ቶሎ ይጠጡ፣ የኔታ» አለ ልጁ። «እያለቀ ነው።»

ሦስተኛውን ሥዕል ሲስል ማንንም አላስገባም። ካባውንና አበባውን ተወ። ላይኛውን ረድፍ እንደ መጀመሪያው አደረገው፤ ሰው በሚበላባቸው ትዕይንቶች ሁሉ በላዔ ሰብእ አንድ ዓይን ነው፣ ደሙም ደም ነው። ከታች፣ በዓይን ትክክል፣ ጥርኝ ውሃውን ሳለ። ትልቁ ሰው እስከ መሬት ጎንበስ ብሏል። ድኻው ፊቱን መዳፉ ውስጥ ስለከተተ የሚታየው ማጅራቱ ብቻ ነው። በላዔ ሰብእ ሙሉ ፊቱ ወደ እኛ ዞሯል፤ ሁለት ዓይኖች አሉት፤ ሁለቱም በጣቶቹ መካከል የሚሾልከውን ውሃ ያያሉ። ሰማያዊው ቀለም ከመጎናጸፊያው ሌላ የዋለው እዚያች ውሃ ላይ ብቻ ነው።

አለቃው ሲያዩ ደነገጡ።

«መሪጌታ! ሰውየው ኃጥእ ነው እኮ!»

«ነው፣ አባቴ።»

«78 ነፍስ!»

«ከላይ አሉ። አንድም አልቀነስኩም።»

«ታዲያ ሁለተኛው ዓይን መቼ በቀለ?»

«ውሃው ሲፈስ ያየ ጊዜ።»

አለቃው መልስ አላገኙም። ወይዘሮዋ ግን ቀርበው ከግርጌ የተደፋውን የራሳቸውን መልክ እንኳ ሳያዩ፣ «ውሃውን እንዴት አድርገህ አሳመርከው?» አሉ። «ላሳምረው ብዬ አይደለም፣ እሜቴ» አለ ሠዓሊው። «ሳይደርስለት እንዳያልቅበት ፈርቼ ነው።»

ቅዳሜ ማታ ትልም ገፊው አንድ ድቡልቡል ሰም በነጠላው ጠቅልሎ መጣ። አካባቢውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መሪጌታ፣ አንዷን ዓይን አጥፋልኝ።»

«ለምን?»

«የፊተኛው ጥሩ ነበር። ይኸኛው ቅዳሴ አያስቆመኝም።»

«አንተን አያይም እኮ፤ ውሃውን ነው የሚያየው።»

«እሱ ነው ያስቸገረኝ» አለ ሰውየው። «ቢያየኝ ይሻል ነበር።»

ሠዓሊው ሰሙን አልነካም። ከመጋረጃው ኋላ ሲሰሙ የነበሩት አለቃ ግን ወጥተው፣ «ለጧፍ ይሆናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ተቀበሉት። ጧፉም ያንኑ ግድግዳ ሲያበራ ከረመ። ሰውየው የወንድሙን መሬት መለሰ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አልመለሰም። በዚያ ዓመት ግን ትልሙን አልጨመረም ይላሉ። በሬው ሞቶበት ነው የሚሉም አሉ።

አንዲት ባልቴትም ነበሩ። ልጃቸውን ሽፍታ የገደለባቸው ናቸው። ሥዕሉ ፊት ቆሙ፣ ላይኛውን ረድፍ አዩ፣ ታችኛውን አዩ፣ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉና ወጡ። ከዚያ በኋላ በሰሜን በኩል አልፈው አያውቁም። ሠዓሊው አይቷቸዋል። ምንም አላለም፤ ምንስ ይላል?

አሁን የቀረው ከሥሩ የሚጻፈው ነው። ሠዓሊው ለአለቃው ምክር የሚበቃ ነጭ ቦታ ትቶ ነበር። አለቃው ብርዑን ቀለም ውስጥ ነክረው ብዙ ቆሙ። መጽውቱ ሊሉ ነበር፣ አትግደሉ ሊሉ ነበር፣ ድንበር አትግፉ ሊሉ ነበር። የጻፉት ግን «ዘከመ አስተዮ ማየ» ብለው ነው፤ ውሃ እንዴት እንዳጠጣው። የተረፈው ነጭ ቦታ እንደ ነጣ ቀረ።

ምሳሌው እዚህ ያልቃል። ይህን ያነሳሁት መጽሐፍ በተመረቀ ቁጥር፣ ደራሲ በሬዲዮ በቀረበ ቁጥር፣ ከአዳራሹ አንድ ሰው ተነስቶ «የመጽሐፉ መልእክት ምንድን ነው?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ይነሳና «ቋንቋው እንዴት ያምራል!» ይላል። አለቃውና ወይዘሮዋ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

አለቃው በሥነ ጽሑፋችን ትልቅ ወንበር አላቸው። የኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» በ1925 ዓ.ም. ሲወጣ ዋና ባለ ታሪኩ አወቀ ከተጉለት ተነስቶ ፓሪስ ተምሮ የሚመለሰው ስለ ሠርጉና ስለ ተዝካሩ እኛን ሊያስተምር ነው። የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ደግሞ ትውልድ በቃሉ ይዞ አድጎበታል፤ ምክሩ እንደ ሂሳብ መልስ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አልንቀውም። አንባቢን የፈጠረልን እሱ ነው። ነገር ግን መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ታሪክ ውስጥ ክፉው ሰው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ስስታሙም፣ ትዕቢተኛውም፣ አድር ባዩም ሌላ ነው። አንብቤ ስጨርስ «እኔስ ሰው አልበላሁ» እላለሁ።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ስብከቱም፣ ሁለተኛው ዓይንም አሉ። ጉዱ ካሳ የሚናገረው ሁሉ ለማለት ይቻላል ልክ ነው፤ መማር ለፈለገ ከእሱ የበለጠ መምህር የለም። ሰው ሁሉ አፉን ሞልቶ የሚያወራው ግን ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ነው። ገበሬውን ያስጨነቁ፣ ለዘራቸው የሚመጥን ባል ጠፍቶ ልጃቸውን ቤት ያስቀሩ ሰው ናቸው። ቢሆንም ደራሲው በጎናቸው አላዞሯቸውም። ፉከራቸው ያስቃል፣ ውርደታቸው ያሳዝናል፣ የአባትነት ፍቅራቸውም እውነተኛ ነው። የመሳፍንቱን ሥርዓት ከጉዱ ካሳ ንግግር ይልቅ ከእሳቸው ኩራት ነው የተረዳሁት፤ ያ ኩራት በእኔም ቤት፣ በእኔም አጎት ዘንድ እንዳለ ያየሁት በእሳቸው ስስቅ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርካቸው ደግሞ አገር አብሮ ስቋል።

የአለቃውን ብርዕ መንግሥት ሲይዘው ነገሩ ይከፋል። ደርግ ደራሲ የሚያስፈልገው ጠላትን በአንድ ዓይን፣ ወገንን በሁለት ዓይን እንዲስልለት ነበር። በዓሉ ግርማ የቀይ ኮከብ ዘመቻን መነሻ አድርጎ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አወጣ፤ የወገንን ሹማምንትም ከነጉድፋቸው ጻፈ። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

የወይዘሮዋን ወገን በአጭሩ ልለፈው፤ ዛሬ እሱም በዝቷልና። በየገጹ ጨረቃ የምትወጣበት፣ ዐረፍተ ነገሩ ካባ የደረበ፣ ቅኔ ቅኔ የሚሸት፣ ግን ማንም ለማንም ውሃ የማይሰጥበት መጽሐፍ ብዙ አንብቤያለሁ። እንደ ትልም ገፊው የቀለሙን ዋጋ ጠይቄ እዘጋዋለሁ። ሠዓሊው ለወይዘሮዋ የሰጠው መልስ የገባኝም ያኔ ነው። ውበት የሚመጣው ጸሐፊው አንድ ነገር እንዳያመልጠው ሲሰጋ ነው፤ የሚሾልከውን ውሃ፣ የሚያልፈውን ፊት፣ የተነገረበትን ድምፅ። እንዲያ ሲሰጋ መስበኪያ ጊዜ አያገኝም። ትምህርቱም፣ ካለ፣ እዚያው ይገኛል።

ባልቴቷን ግን አልፌ መሄድ አልቻልኩም። ልጇን ያጣች እናት ፊት ቆሞ ለገዳዩ ሁለተኛ ዓይን መሳል ድፍረት ነው። ደራሲው መብቴ ነው ቢል አልከራከረውም፤ እሷም ዳግመኛ በዚያ በኩል አላልፍም ብትል ሥልጡን አንባቢ ነኝ ባይ ሁሉ ተሰብስቦ ሊፈርድባት አይገባም። ቢሆንም ስለ ቀይ ሽብር የተጻፉ ልብ ወለዶቻችንን ሳነብ ገራፊው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየኝ በጎኑ ነው፤ የውስጥ እግር ሲገርፍ፣ ሲስቅ፣ ሲጠጣ። ማታ ቤቱ ገብቶ ያንቀላፋች ልጁን ጫማ ሲያወልቅላት ያየሁበት ገጽ ትዝ አይለኝም። ያን ገጽ የሚጽፍ ሰው ሲመጣ ማንበቡን እፈራለሁ። መጽሐፉን ግን እገዛዋለሁ።